መኪናው በድንገት ሲጨልም

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ወፍጮ ቤት ሞተር ቺንጋ አንብበናል። ቺንጋ ማለት ከአንዱ መዘውር ወደ ሌላው ጉልበት የሚያሻግር የላስቲክ ቀበቶ ነው ብለናል። ዛሬ ከዚያው ሳንርቅ ስለ መኪና ኤሌክትሪክ እናነባለን።

«መኪና የለን፤ ይህ ትምህርት ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ አብዛኞቻችን መኪና የለንም። ነገር ግን ሁላችንም እንሳፈራለን። ገብሳችንንና በጋችንን ገበያ የሚያደርሰው መኪና ነው። የታመመውን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መኪና ነው። መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ ካለ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም። የሁላችንም ነው።

ደግሞ በየመንገዱ የምናየው መኪና ብዙው አሮጌ ነው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታውቋል። እንግዲህ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ ማለት ነው። አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ቤት ነው። ለሚያውቀውና ለሚጠግነው ይኖራል። ለማያውቀው ይፈርሳል።

ነገሩ እንዴት ይሆናል?

እንዲህ ሆነ እንበል። ወሩ ኅዳር ነው። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ይጓዛል። መሽቷል። ውርጩ ያንቀጠቅጣል። መኪናው ውስጥ ምጥ የያዛት እናት አለች። ኮረኮንቹ መኪናውን ያንገጫግጨዋል። በድንገት መብራቱ ድርግም አለ። ሞተሩም ጸጥ አለ። ሾፌሩ ቁልፉን ጠመዘዘ። ምንም የለም። ክላክሱን ተጫነ። ድምፅ የለም።

«ባትሪው ሞተ» አለ ረዳቱ።

«የለም፣ ዲናሞው ነው» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

«ጋሼ፣ ወርደን እንግፋው እንዴ?» አለ አንድ ወጣት።

አንድ ሽማግሌ ግን «ቆይ ልጄ» አሉ። «በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ይሰጣል እንዴ?»

እኒህ አባት ያሉት እውነት ነው። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው። በድንገት የጨለመ መኪና ሁሉ ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ባትሪው ደህና ነው። የተቋረጠው ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሙክቱን ሸጦ አዲስ ባትሪ ይገዛል። መኪናው ግን በሳምንቱ ተመልሶ ይጨልማል።

ኤሌክትሪክ እንደ ቦይ ውሃ ነው

መስኖ የምታጠጡ ገበሬዎች ይህን በቀላሉ ትረዱታላችሁ። ውሃ ከምንጩ ተነሥቶ በቦይ ይሄዳል። ማሳው ከደረቀ የምንጩ መድረቅ ብቻ አይጠረጠርም። ቦዩ ተደፍኖ ወይም ተሸርሽሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገበሬው ከምንጩ ጀምሮ ቦዩን ተከትሎ ይወርዳል። የመኪና ኤሌክትሪክም የሚፈተሸው እንዲሁ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ውሃ ማሳ ላይ ሲደርስ ይሰርጋል። ኤሌክትሪክ ግን ወደ ወጣበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ አይሄድም። ባትሪው ላይ ሁለት ጉጦች አሉ። በሒሳብ ትምህርት የተማርናቸው ምልክቶች ተጽፈውባቸዋል። አንዱ መደመር (+) ነው። ሌላው መቀነስ (−) ነው። ከመደመሩ ጉጥ የተነሣው ሽቦ ወደ መብራቱ፣ ወደ ክላክሱና ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል። መመለሻው ግን የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነው። ከመቀነሱ ጉጥ አንድ ወፍራም ገመድ ተነሥቶ ከሻንሲውና ከሞተሩ ብረት ጋር ይታሰራል። ይህ ገመድ ቢላላ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው ይጨልማል። ነገሩ እንደ ጥማድ በሬ ነው። አንዱ በሬ ከተኛ ሌላው ብቻውን አያርስም።

የቀሩትንም ዕቃዎች እንወቃቸው። ባትሪ ጎተራ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ዲናሞ ጎተራውን መልሶ የሚሞላ ነው። ዲናሞውን ሞተሩ በቺንጋ ያዞረዋል። ሞተሪኖ ሞተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ነው። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላው እሱ ነው። ፊውዝ ደግሞ ዘበኛ ነው። ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን ያድናል።

በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ባትሪ መጀመሪያ የሠራው ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1859 ነበር። በአሮጌ መኪኖቻችን ውስጥ ያለው ባትሪ የዚያ ዘር ነው። ድሮ ግን መኪና የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። ብረቱ በኃይል ወደ ኋላ እየተመለሰ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለ አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሠራ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ካዲላክ በሚባለው መኪና ላይ ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ የሌለው መኪና እግር እንደሌለው ሰው ሆነ።

አስቀድሞ ሰውን ማዳን

መኪናው ሲጨልም የመጀመሪያው ሥራ መጠገን አይደለም። ማቆም ነው። ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ የመርሐቤቴ ሰዎች ይህን ልብ በሉ። ሞተር ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው ጉልበት አብሮ ይጠፋል። ፔዳሉ ይደነድናል። ፍሬኑ ግን ፈጽሞ አልሞተም። ሾፌሩ በሙሉ ኃይሉ አንድ ጊዜ ረግጦ መያዝ አለበት። ደጋግሞ ቢረግጥ የቀረችውን ጉልበት ይጨርሳታል። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን መንቀል አይገባም። መሪው ይቆለፋልና።

መኪናው ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን ይሳባል። ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። ተሳፋሪ ወርዶ ከመንገዱ ዳር ይቁም። ከመኪናው ኋላ መቆም ክልክል ነው። መብራት የሌለውን መኪና ከኋላ የሚመጣው አያየውም። ስለዚህ አንድ ሰው ራቅ ብሎ በእጅ ባትሪ ምልክት ይስጥ። ለማስጠንቀቂያ የተደረደረ ድንጋይ ካለም መኪናው ሲሄድ ይነሣ። ጥሎ መሄድ ለሌላው ሰው ሞት ማስቀመጥ ነው።

ሦስት ጥያቄዎች

ሐኪም በሽተኛውን ሳይነካው በፊት ይጠይቃል። እኛም እንጠይቅ።

አንደኛ፦ በድንገት ነው ወይስ እየደከመ? መብራቱ ቀስ በቀስ እየፈዘዘ መጥቶ ከጠፋ ዲናሞው ባትሪውን አልሞላም ማለት ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዲናሞው ራሱ ተበላሽቶም ይሆናል። ከሾፌሩ ፊት ያለው ቀይ የባትሪ ምልክት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ይበራል። ምልክቱ ትንሽ ሣጥን ሆኖ በላዩ (+) እና (−) ያለበት ነው። መብራቱ ደምቆ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ድርግም ካለ ግን መንገዱ ተቋርጧል።

ሁለተኛ፦ ሁሉም ነው የጠፋው ወይስ አንዱ? ክላክሱ እየሠራ መብራቱ ብቻ ከጠፋ የመብራቱን ፊውዝ፣ አምፖልና ማብሪያ እንይ። ሁሉም ከጠፋ ግን ወደ ምንጩ እንሂድ። የባትሪውን ጉጦች፣ ወፍራሞቹን ገመዶችና ዋናውን ፊውዝ እንይ።

ሦስተኛ፦ ቁልፉ ሲጠመዘዝ ምን ይሆናል? የፊት መብራቱን አብርተን ቁልፉን እንጠምዝዝ። መብራቱ ፈዝዞ ሞተሪኖው «ጠቅ ጠቅ» ካለ ባትሪው ደክሟል። መብራቱ ጨርሶ ጠፍቶ ቆይቶ ከተመለሰ ማሰሪያው ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ እንደ ደመቀ ሆኖ ሞተሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ከሞተሪኖው ወይም ወደ እሱ ከሚሄደው ሽቦ ነው።

ፍተሻው በተራ

ላንድክሩዘሩ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የጠፋበት። ስለዚህ ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ከምንጩ ጀመረ። መጀመሪያ ቁልፉን አጠፋ። ከዚያ የባትሪውን ማሰሪያዎች በእጁ ነቀነቀ። የመደመሩ ማሰሪያ ጠንካራ ነው። የመቀነሱ ማሰሪያ ግን እንደ ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ከሥሩም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። ባትሪው ደህና ነበር። የመመለሻው መንገድ ነበር የተቋረጠው። ሾፌሩ ማሰሪያውን ፈትቶ፣ በቢላዋ ፍቆ፣ መልሶ አጠበቀው። መብራቱ ቦግ አለ። ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ አዲስ ባትሪ ከመግዛት አዳነ። ምጥ የያዛት እናትም መንገዷን ቀጠለች።

ማሰሪያው ደህና ሆኖ ቢገኝስ? ቦዩን ተከትለን እንወርዳለን።

ከመቀነሱ ጉጥ የሚነሣው ገመድ ሻንሲው ላይ የታሰረበትን ቦታ እንይ። እዚያም ዝገትና ጭቃ ይገባል። ቀጥሎ ከባትሪው አጠገብ ያለውን ዋና ፊውዝ እንይ። ከዚያ ወደ ቁልፉ የሚሄደውን ሽቦ እንይ። አይጥ የበላው፣ ብረት የላጠው ሽቦ ሊኖር ይችላል።

ቴስተር የሚባለው መለኪያ ካለ ሥራው ይቀላል። ሞተሩ ሳይነሣ ሙሉ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ወደ 12 ከወረደ ባዶ ወደ መሆን ቀርቧል። ሞተሩ ሲሠራ ቁጥሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ገደማ መድረስ አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ዲናሞው ጎተራውን እየሞላ አይደለም።

ቴስተር ከሌለ አንድ የመኪና አምፖልና ሁለት ሽቦ ይበቃል። የፊት መብራት ማብሪያውን በርቶ እንተወው። የአምፖሉን ሁለት ሽቦዎች በሁለቱ ጉጦች ላይ እናስነካ። አምፖሉ ከበራ ባትሪው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። ቀጥሎ አንዱን ሽቦ መደመሩ ጉጥ ላይ ይዘን ሌላውን የተፋቀ የሻንሲ ብረት ላይ እናስነካ። ካልበራ የመመለሻው መንገድ ተቋርጧል። ከበራ ደግሞ ሻንሲ ላይ ያለውን ሽቦ ሳናነሣ ሁለተኛውን ወደ ማሰሪያው፣ ከዚያ ወደ ፊውዙ እናሻግር። አምፖሉ መብራት ያቆመበት ቦታ በሽታው ያለበት ነው።

ሲፈታ መቀነስ ይቀድማል

ማሰሪያ ለማጽዳት ሲፈለግ ተራው መጠበቅ አለበት። መጀመሪያ የሚፈታው የመቀነሱ (−) ማሰሪያ ነው። መጨረሻ የሚታሰረውም እሱ ነው። ለምን? የመኪናው ብረት ሁሉ ከመቀነሱ ጋር የተያያዘ ነው። መደመሩን በመፍቻ ስንፈታ መፍቻው የመኪናውን ብረት ቢነካ ኃይለኛ ብልጭታ ይፈጠራል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ በቃላችሁ ያዙት፦ ሲፈታ መቀነስ ይቀድማል፤ ሲታሰር መቀነስ ይከተላል። ቀለበትና አምባርም ከእጅ ይውለቅ።

ጉጡና ማሰሪያው በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ይፋቃል። ከተጠበቀ በኋላ ላዩ በግራሶ ወይም በቫዝሊን ይቀባል። ይህ ዝገትን ይከለክላል።

የማይደረጉ ነገሮች

ኩራዝ፣ ጧፍ፣ ክብሪት ወይም ሲጋራ ወደ ባትሪ አይቅረብ። ከባትሪ የማይታይ ጋዝ ይወጣል። እሳት ከነካው ባትሪው ፈንድቶ አሲድ ፊት ላይ ይረጫል። በጨለማ ለማየት የእጅ ባትሪ ብቻ እንጠቀም። አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

በተቃጠለ ፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም የሲጋራ ወረቀት አይገባም። ዘበኛውን አስወግዶ ሌባን እንደ መጋበዝ ነው። ሽቦው ግሎ መኪናው ይቃጠላል። የሚተካው ፊውዝ የተጻፈበት ቁጥር ከተቃጠለው ጋር እኩል ይሁን። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ብረት ነክቷል ማለት ነው።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማሰሪያ አይፈታም። አንዳንድ ሰው ዲናሞውን ለመሞከር እንዲህ ያደርጋል። ይህ ሙከራ ዲናሞውን ያቃጥላል።

ሳይታወቅ አይገፋም። ባትሪው የደከመ መኪና ቢገፋ ሊነሣ ይችላል። መንገዱ የተቋረጠበት የቤንዚን መኪና ግን ቢገፉት አይነሣም። የሚያቀጣጥል ብልጭታ የለውምና። ቁልቁለት ላይ መግፋት ደግሞ ገደል መጥራት ነው።

ቁጥር ማንበብ ያድናል

አሁን የፊደልና የቁጥር ነገር መጣ። ትንሹ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አንድ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ትልቁ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪ አለው። ሁለቱ በተርታ ተያይዘዋል። 12 ሲደመር 12 ስንት ነው? 24 ነው። አሁን አንድ ትንሽ መኪና ቆሞ፣ የጭነት መኪና ሾፌር በገመድ አገናኝቶ ሊያስነሣው ቢመጣ ምን ይሆናል? የ24 ጉልበት የ12ቱን መኪና አምፖልና ዕቃ ያቃጥላል። ባትሪውንም ሊያፈነዳው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱ እኩል መሆናቸው አስቀድሞ ይነበብ። ቁጥር የለየ ተሳፋሪ «ወንድሜ፣ ቆይ፤ ያንተ 24 ነው» ሊል ይችላል።

እኩል ከሆኑ ደግሞ መደመር ከመደመር ጋር ይገናኛል። ከደህናው መኪና የመቀነስ ጉጥ የሚመጣው ገመድ ግን ከቆመው መኪና ባትሪ ራቅ ብሎ የሞተሩ ብረት ላይ ይታሰራል። ይህም ብልጭታው ከባትሪው ጋዝ እንዲርቅ ነው።

የደጋው ብርድና የኮረኮንቹ ነገር

በመንዝና በግሼ ለባትሪ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንዱ ብርድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በብርድ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል። የሞተር ዘይትም ይወፍራል። ስለዚህ ቀን በደህና የሠራ ደካማ ባትሪ ንጋት ላይ እምቢ ይላል። ሁለተኛው ጠላት መንገጫገጭ ነው። ማሰሪያ ያላላል፤ በባትሪው ውስጥ ያለውንም እርሳስ ይሰብራል። ባትሪው ከመቀመጫው ጋር በደንብ ካልታሰረ ቶሎ ያረጃል።

እንግዲህ በወር አንድ ጊዜ፣ ይልቁንም ከኅዳር በፊት፣ ማሰሪያው ይታይ፤ ይጽዳ፤ ይጥበቅ። ቺንጋው ይታይ። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው ይታይ። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም። በፀሐይ መብራት የምትጠቀሙ ቤተሰቦችም ይህ ለእናንተ ጭምር ነው። የቤታችሁ መብራት በድንገት ሲጠፋ ባትሪ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ማሰሪያውንና ሽቦውን እዩ።

አንድ ነገር እንጨምር። ባትሪ ሲገዛ ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ በላዩ ይጻፍ። በመኪናው ውስጥም አንድ ደብተር ይቀመጥ። መቼ ጨለመ? ምን ተገኘ? ምን ተደረገ? ይህ ሁሉ ይጻፍ። ሾፌር ይቀየራል፤ ረዳት ይሄዳል። ጽሑፉ ግን ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ሾፌር ከዜሮ አይጀምርም። ወፍጮ ቤት ያላችሁም እንዲሁ አድርጉ።

እስቲ እንወያይ

1. የመኪናው መብራት ደምቆ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቢጠፋ መጀመሪያ ምን እንመለከታለን?

2. ማሰሪያ ሲፈታ የትኛው ምልክት ይቀድማል? ለምን?

3. የመኪናው ባትሪ 12 ቮልት ነው። ሊረዳ የመጣው 24 ቮልት ነው። ምን እንላለን?

4. በአካባቢያችሁ ቆሞ የቀረ መኪና ወይም ሞተር አለ? በሽታው ተመርምሮ ነው ወይስ በግምት?

«ዲናሞ»፣ «ሞተሪኖ»፣ «ፊውዝ» እና «ሻንሲ» የሚሉትን ቃላት በደብተራችሁ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ጽሑፉን ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በሚቀጥለው ሳምንት የእጅ ውሃ ፓምፕ ለምን ውሃ መሳብ እንደሚያቆም እናነባለን። በደህና ሰንብቱ።